ውሸት የሌለበት የሕይወት ታሪክ

ጋሽ እምሩ ያረፉት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ከእሪ በከንቱ ተነስቶ ፒያሳ ወጣ፤ አራት ሰዓት ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ሰዓት ሠሪውን ፈቀደን ማየት ጀመረ። አስተያየቱ የሐዘን አይደለም። "እንግዲህ አንተን ምን ይዋጥህ?" የሚል ዓይነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈቀደ ከአሥረኛ ክፍል ያልዘለለ ሰው ይሁን እንጂ ድምፅ እግዜር ሰጥቶታል። ሲናገር ከደረቱ ሳይሆን ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የእድሩ ሰው በሞተ ቁጥር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ የሟቹን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው እሱ ነው። አሥራ አራት ዓመት አነበበ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ታዲያ የጻፈው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ሟቹ ይለዋወጣል እንጂ ወረቀቱ አይለወጥም። ስሙን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የቤተሰቡን ሁኔታ በእርሳስ ይጽፋል፣ ከቀብር ሲመለስ በላጲስ ያጠፋል፤ "ለተቸገረ ደራሽ፣ ለተጣላ አስታራቂ፣ ከትዳር አጋራቸው ጋር ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ የኖሩ" የሚለው ግን በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ አይነካም።

በዚህ ወረቀት ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ ፍርድ ቤት ያቆመ ሰውዬ "አስታራቂ" ተብሎ ተቀብሯል። ወይዘሮ ምብራት የተቀበሩ ዕለትማ ላጲሱ ከቀድሞው ሟች ስም አልፎ አልሄደም ነበርና፣ "መልካም ባል፣ የአምስት ልጆች አባት" ተብለው ተሸኙ። ለቀስተኛው በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ትከሻው ግን የሚንቀጠቀጠው በለቅሶ አይመስልም።

ያን ዕለት ከቀብር መልስ ነው ጋሽ እምሩ አውቶቡስ ውስጥ ፈቀደን ጠርተው አጠገባቸው ያስቀመጡት። ባለሱቁ ካሊድ ከኋላቸው ነበር።

"ፈቀደ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ይኼ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?"

"የትኛው ሰው፣ ጋሼ?"

"ይኼ ለተቸገረ ደራሹ፣ ለተጣላ አስታራቂው። ዘንድሮ ብቻ ስድስት ጊዜ ቀበርነው። እኔማ ደከመኝ።"

ካሊድ ሳቁን ሳል አስመሰለው።

"ስማኝ። የእኔ ቀን ሲደርስ በዚያ ወረቀት እንዳትሸኘኝ። አንድም ውሸት የሌለበት ጻፍልኝ። አጭር ይሁን ግድ የለም፤ ብቻ እኔን ይምሰል። ካሊድ ምስክር ነው።"

"ዕድሜ ይስጥዎት ጋሼ፤ አሁን ይኼን ምን አመጣው?"

"ማል።"

ፈቀደ ማለ። እንዲህ ያለ መሐላ ሲምሉት አይከብድም፤ ሰውየው ገና ማኪያቷቸውን ሊጠጡ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸዋ።

ፈቀደ ደግሞ ለጋሽ እምሩ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ተማሪያቸው ነበር፤ ኋላም የግድግዳ ጎረቤታቸው ሆነ። ጋሽ እምሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ ካርታ የጠፋ ዘመን ላይ ክፍሉን ራሱን ዓለም አድርገውት ነበር። በሩ ጋ ፀሐይ ስለሚገባ ሰሃራ ነው። ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ አማዞን ነው። ጠረጴዛቸው ፊት ያለው ነፋሻ ቦታ ሜዲትራኒያን ነው፤ ጎበዝ ተማሪ እዚያ ይቀመጣል። ከኋላ፣ መስታወቱ የረገፈው መስኮት ሥር ሳይቤሪያ ነው። ያወራ፣ የሳቀ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ፣ "ተነሥ፣ ሳይቤሪያ!" ይባላል። ፈቀደ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቤሪያ ተቀምጦ ነው የተማረው። አንድ የኅዳር ጠዋት በቀጭን ሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ አዩት። ካፖርታቸውን አውልቀው ጣሉለትና ወደ ሰሌዳው ዞረው፣ "ሳይቤሪያ ያለ ካፖርት አይኖርም። ትምህርት ነው፣ ጻፉ" አሉ። ካፖርቱን መልስ አላሉትም። ክፍሉም የተሰጠው ለብርድ እንጂ ለድህነት አልመሰለውም።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው አሁን አንድ ገጽ መጻፍ ያለበት። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።

ፈቀደ ደብተር ይዞ ድንኳን ገባ። በመጀመሪያ ያገኘው ካሊድን ነው፤ ወንበር ሲያወርድ።

"ካሊድ፣ እስቲ ስለ ጋሼ አንድ እውነት ንገረኝ።"

"ይጠፉ ነበር" አለ ካሊድ ሳያመነታ።

እውነት ነው። የዓለምን ወንዝ ሁሉ በቃላቸው የሚጠሩት ጋሽ እምሩ አዲስ አበባ ላይ መንገድ አያውቁም። ከቤታቸው እስከ ቸርችል ጎዳና አፋፍ፣ ከዚያ ማኪያቶ ቤት፣ ከማኪያቶ ቤት ወደ ቤት። ከዚህ መስመር አንድ እርምጃ ከወጡ አለቀ። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ መንገዱ የሰፋ ጊዜማ ባሰባቸው፤ በየሳምንቱ አንድ የድሮ ተማሪያቸው ክንዳቸውን ይዞ ያመጣቸው ነበር። አንድ ቀን አፍንጮ በር ቆመው ተገኙ።

"ጋሼ፣ ጠፍተው ነው?" አላቸው ያገኛቸው ሰው።

"እኔ ምን እጠፋለሁ? እኔ ይኸው አለሁ። የጠፋው ፒያሳ ነው።"

ፈቀደ ይህንን እየጻፈ ሳለ የእድሩ ዳኛ አቶ ተክላይ ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው አነበቡ።

"ይኼን ነው የምታነበው? በካህናት ፊት?"

"ውሸት የለበትም እኮ፣ አቶ ተክላይ።"

"ውሸት የሌለበት ነገር ሁሉ ይነበባል እንዴ? የእኔ ጉልበት ማበጡም ውሸት የለበትም!"

በዚህ መሐል የጋሽ እምሩ ባለቤት እትዬ አባይነሽ ይጠሩሃል ተባለ። ፈቀደ ደብተሩን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤት ገባ። እትዬ አባይነሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አንድዬ ልጃቸው ምኞት አለች። ምኞት ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኛ የምትቀጥር ክፍል ኃላፊ ናት። አራት ገጽ በኮምፒዩተር የተጻፈ ወረቀት ሰጠችው።

"ጋሽ ፈቀደ፣ እንዳይቸገሩ ብዬ አዘጋጅቼዋለሁ።"

ፈቀደ የመጀመሪያውን ገጽ አየት አደረገ። "አቶ እምሩ ከፍተኛ የአመራር ክህሎት ያላቸው፣ በቡድን ለመሥራት ምቹ፣ ጫናን መቋቋም የሚችሉ" ይላል። ልጅቷ አባቷን ልትቀብር ሳይሆን ልትቀጥር ይመስላል። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ "ልጃቸውን በየዕለቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ትጉህ አባት" የሚል አለበት።

"ፈቀደ፣ የኔ ልጅ" አሉ እትዬ አባይነሽ፣ "አደራህን። መጥፋቱን እንዳታነሳ። ያንን ሳይቤሪያ የምትሉትንም ተወው፤ እስር ቤት የሠራ ይመስላል። ጨዋ ሰው ነበር በል። ደግሞ ያቺን እንዳትረሳ።"

"የቷን፣ እትዬ?"

"ከትዳር አጋሩ ጋር ክፉ ቃል ሳይነጋገር የምትለዋን። እሷን ሁልጊዜ ስታነብ ደስ ትለኛለች።"

ፈቀደ ላብ ላብ አለው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሱና በእነሱ መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጭቃው ብርድ ይከለክላል እንጂ ወሬ አይከለክልም። ባልና ሚስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራሉ፤ ፈቀደ የሱቁን ሰዓቶች የሚያስተካክለው በሬዲዮ ሳይሆን በእነሱ ነው። ጋሽ እምሩ "ዛሬ ይዘንባል" ካሉ እትዬ አባይነሽ "አይዘንብም" ይላሉ። ከዘነበ "ይኼም ዝናብ ሆኖ ነው!" ይላሉ። ጋሽ እምሩ የዝናብ መለኪያ ልክ ሊያስረዱ ይነሳሉ። እትዬ አባይነሽ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ተማሪህ አይደለሁም" ይላሉ። "ብትሆኚማ የት እንደማስቀምጥሽ አውቅ ነበር!" ይላሉ ጋሽ እምሩ። እንዲህ ነው ቁርስ የሚደርሰው። አርባ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አልታጎለም፤ ሰፈሩም ያውቃል፤ ካሊድ ከሱቁ፣ አቶ ተክላይ ከሰገነታቸው ይሰሙታል። አሁን "ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ" ብሎ ማንበብ ማለት የእድሩን ሰው በሙሉ ለሳቅ መጋበዝ ነው።

"እሺ እትዬ" አለና ወጣ። ሌላ ምን ሊል ይችላል?

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠና እውነተኛውን ሊጽፍ ሞከረ። "ተወለዱ" ብሎ ጻፈ። "አስተማሩ" ብሎ ጻፈ። "ጠፉ" ብሎ ጻፈና ሠረዘው። በዙሪያው የተሰቀሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይቆጥራሉ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን አሰበና ቆረጠ፦ መቼም ሙት አይቆጣም፤ እትዬ አባይነሽ ግን ነገም ግድግዳው ማዶ ናቸው። የራሱን ብጣሽ ጥሎ የምኞትን አራት ገጽ አነሳ፤ "ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ" የምትለዋን በራሱ እጅ መጨረሻው ላይ ጨመረበትና ልብሱን ቀየረ። ጨመረና ታዲያ ደስ አላለውም። ሰዓት ሲሠራ አንድ ጥርስ የጎደለው መንኮራኩር ገጥሞ የከደነ ያህል ነበር የተሰማው።

ግቢው ሞልቶ ነበር። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆኑት የድሮ ጎረቤቶች ሁለት አውቶቡስ ሆነው መጥተዋል። በራ ያላቸው፣ ሽበት ያላቸው፣ ከዘራ የያዙ ሁሉ ቆመው ሲያዩዋቸው ማን ተማሪ፣ ማን አስተማሪ እንደነበረ አይታወቅም። ካሊድም ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

ፈቀደ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ስለ አመራር ክህሎት አነበበ። ስለ ቡድን ሥራ አነበበ። ጫና መቋቋም ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን፣ "ማን ነው የሞተው? እምሩ አይደለም እንዴ?" ብለው ሲጠይቁ ተሰማ። ፈቀደ ላቡን እየጠረገ ገጾቹን ገለበጠ። መጨረሻዋ ላይ ደረሰ።

"... እንዲሁም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አባይነሽ ጋር፣ ለአርባ ስድስት ዓመታት፣ ክፉ ቃል..."

ካሊድን አየው። ካሊድ ወደ አስከሬኑ ሳጥን አየት አድርጎ ተመልሶ ፈቀደን አየው።

"ክፉ ቃል..." አለ ፈቀደ እንደገና። ያ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፁ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ።

እትዬ አባይነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ።

"ምነው ቆምክ? ጨርሰው እንጂ።"

"አልቻልኩም እትዬ።"

"ለምን?"

"ግድግዳው ይታዘበኛል።"

አቶ ተክላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእድሩ ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ፈቀደ በልቡ ቤት መፈለግ ጀመረ፤ ኪራዩ ምንም ይሁን፣ ብቻ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን። እትዬ አባይነሽ ግን አልጮሁም። ቀና ብለው ለቀስተኛውን ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ ይኼ ሁሉ ሰው እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ሳይገባቸው አልቀረም።

"እውነቱን ነው" አሉ። "አርባ ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሳንጨቃጨቅ ቁርስ በልተን አናውቅም። እኔ አንድ ስናገር እሱ ሁለት ነው የሚመልሰው። ትናንት ጠዋት 'ዛሬስ ብርድ ነው' አልኩት። ዝም አለኝ። 'ብርድ ነው አልኩህ እኮ' አልኩት። ዝም አለኝ። ያን ጊዜ ነው እምሩ መሞቱን ያወቅኩት።"

ከዚያ ምኞት፣ ያቺ አራት ገጽ የጻፈችው፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ "የእኔም ውሸት ነው!" አለች። "ትምህርት ቤት አያደርሰኝም ነበር። እኔ ነበርኩ የማደርሰው! በሩ ላይ ስንደርስ 'ጎሽ፣ አሁን ደግሞ የእኔን ትምህርት ቤት አሳዪኝ' ይለኝ ነበር።"

ያን ጊዜ የሰው ሁሉ አፍ ተፈታ። ከኋላ አንድ ሱፍ የለበሱ ባለ ከዘራ፣ "እኔ ሰሃራ ነበርኩ!" ብለው እጃቸውን አወጡ።

"እኔ አማዞን! እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ሳልይዝ አልወጣም።"

"ሳይቤሪያ ማን አለ?"

አሥራ ሰባት እጅ ተነሳ። ፈቀደም ወረቀቱን እንደያዘ እጁን አነሳ፤ የካፖርቱንም ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገረ፤ ሳይጽፈው፣ እንዲሁ። ካሊድ የአፍንጮ በሩን ከበሩ ሆኖ ጮክ ብሎ ነገረ። አንዷ ሴትዮ ደግሞ ጋሽ እምሩ ሠርጓ ላይ ይመርቁ ሲባሉ ሙሽራውን የሚኖሩበትን አገር የአየር ንብረት ጠየቁት ብላ አወራች። አባ ዕዝራ፣ ፍትሐቱን ያደረሱት ካህን፣ ሁለት ጊዜ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ሰው ዝም እንዲል ጠበቁ። አልሆነም።

"ልጆቼ፣ ቀብር ነው ወይስ የክፍል ስብሰባ?" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ራሳቸውም አልቻሉም፤ "ለመሆኑ ከሜዲትራኒያን የመጣ ሰው የለም?"

አንድም እጅ አልተነሳም። ጎበዞቹ የት እንደደረሱ እግዜር ይወቅ። ጋሽ እምሩን ተሸክመው ያሳረፏቸው የሳይቤሪያ ልጆች ናቸው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ እንደ ሠርግ ቤት ሞቆ ዋለ። ሰው ሁሉ ፈቀደን ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፤ አቶ ተክላይ እንኳ "ጥሩ አነበብክ" አሉት፤ አለማንበቡን ማንሳት አልፈለጉም። ፈቀደ ግን ንፍሮውን ሳይቀምስ አስቀመጠው። እትዬ አባይነሽ ከግቢው ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩትም። ለሟቹ የማለውን በመከራ ጠብቆ ይሆናል፤ ቋሚዋን ግን በሕዝብ ፊት አዋርዷል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ምኞት ብቅ ብላ፣ "እማዬ ይግባ ብላለች" አለችው።

ገባ። እትዬ አባይነሽ ፍራሹ ላይ ናቸው። ቁጭ በል አላሉትም።

"ፈቀደ።"

"አቤት እትዬ።"

"አሳፈርከኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ያቺን አንዲት ቃል ብታነባት ምን ነበረበት? የሁሉም ሚስት ተብሎላታል። የዚያ ጎረቤቱን ሁሉ የከሰሰው ሰውዬ ሚስት እንኳ ተብሎላታል።"

"ጋሼ አስምለውኝ ነበር።"

"እሱማ ምን ቸገረው፣ ሄዷል!" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግድግዳው ይታዘበኛል አልክ። ግድግዳው ሌላ ምን ነገረህ?"

ፈቀደ አመነታ። አንድ ነገር ነበረው። በደብተሩም አልጻፈውም፣ በግቢውም አላወጣውም፤ የተከበረ ሰው ብቻውን ሲሆን ያደረገው ነገር ነዋ።

"ዐምና እህትዎን ሊያስታምሙ አምቦ የሄዱ ጊዜ..."

"አሥራ አንድ ቀን።"

"አዎ። ያን ጊዜም ጠዋት ጠዋት ጭቅጭቁ አልቀረም ነበር።"

የእትዬ አባይነሽ ዓይን ጠበበ። "ከማን ጋር? ማን ገብታ?"

"ማንም አልገባም፣ እትዬ። ሁለቱንም የሚናገሩት ራሳቸው ነበሩ። 'መነጽሬን የት አደረግሽው?' ይላሉ በራሳቸው ድምፅ። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው፣ 'ግንባርህ ላይ ምን አለ፣ አንተ ሰውዬ?' ብለው ይመልሳሉ።"

ምኞት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ አባይነሽ አልሳቁም።

"እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?"

"ቁርጥ እርስዎን።"

"እና... ሲጨርስ ማን ይረታ ነበር?"

"እርስዎ።"

"አንድ ቀን?"

"አሥራ አንዱንም ቀን።"

እትዬ አባይነሽ ጀርባቸውን አቀኑ። ነጠላቸውን ፈትተው አስተካክለው እንደገና አጣፉት።

"ያውቅ ነበራ!" አሉ። "አየሽ ምኞት? ልቡ እያወቀ ነው ለካ አርባ ስድስት ዓመት ያስለፈለፈኝ!"

ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና አጠገባቸው ያለውን የፍራሹን ጥግ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"ና፣ እዚህ ቁጭ በልና እስቲ ድገመው። ከመነጽሩ ጀምር።"